የቅዳሜ ውሃ

ሰው ሁሉ ሰው ሲያገኝ ፊቱን ያያል፤ እኔ የማየው አንገትጌውን ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሆስፒታል ልብስ ያጠበ ሰው ሌላ ምን ያያል? አንገትጌና የእጅጌ ጫፍ አሳዩኝ እንጂ ጋውኑ ስንት ቀን እንደተለበሰ፣ ባለቤቱ ምሳውን ምን እንደበላ፣ ከቤቱ ተጣልቶ ይሁን ታርቆ እንደወጣ እነግራችኋለሁ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ደሜ የፈላውም ለዚህ ነው። ልብስ ማጠቢያው ውሃ ካጣ ስምንተኛ ቀኑ ነበር። ዋናው ዶክተር እንኳ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ጋውን ለብሶ ነበር የሚዞረው። በዚህ መሀል አንድ ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ አንገትጌው ላይ አንዲት መስመር ሳይኖርበት፣ "እንደምን አደሩ እትዬ" ብሎኝ አለፈ።

"ይሄ ሰውዬ ውሃ ይሰርቃል!" አልኩ። ለራሴ ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔ ለራሴ መናገር አልችልበትም፣ ግቢው ሁሉ ሰማው።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ቀን ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ከተማችን ውሃ ከጎደላት ሁለት ዓመት አልፏል። ግድቡ ሸሽቶ ሸሽቶ፣ ድሮ ጀልባ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በየሰፈሩ ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እሱም መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ዝገት ይተፋል፣ ውሃ መስጠት ሲጀምር ሰዓቱ አልቋል ተብሎ ይዘጋል። ሬዲዮ ስትከፍቱ ደግሞ ችግሩ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ ዓለም ሁሉ ውሃ እየጠማው ነው ይላችኋል። ይሄ ምኑ ያጽናናል? ጎረቤቴም ጠምቶታል ብዬ የኔ ጥም አይቆረጥልኝ! ሆስፒታላችን በየማለዳው አንድ ቦቴ ውሃ ይደርሰዋል። ያንን አንድ ቦቴ ማዋለጃው፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ፣ ወጥ ቤቱ፣ መኝታ ክፍሎቹና የኩላሊት እጥበቱ ይካፈሉታል፤ የተረፈው ወደ እኛ ወደ ልብስ ማጠቢያው ይወርዳል። ስምንት ቀን ሙሉ የተረፈ አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ የየክፍሉን ኃላፊ ሰበሰበን። ልጅ እግር ዶክተር ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ሲያስጨንቀው ግን መነጽሩን እየደጋገመ ይጠርጋል። መጀመሪያ የኦፕራሲዮን ክፍሏ ሲስተር ተነሳች። እሷ ስትናገር ማንም አያቋርጣትም።

"የአሥራ አንድ ሰው ቀጠሮ ተላልፏል" አለች። "በቆሸሸ ጨርቅ ላይ ሰው አላስተኛም። ጨርሻለሁ።"

ዳይሬክተሩ መነጽሩን ጠረገ። "ስለዚህ ልብስ ማጠቢያው ውሃ ማግኘት አለበት" አለ። "ውሃ ልንቀንስበት የምንችለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው። የኩላሊት እጥበት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነበር። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ይሆናል። ቅዳሜ ይዘጋል።"

ሁሉም አቀርቅሮ ጠረጴዛውን ያይ ጀመር፣ ምክንያቱም ሁሉም ያውቃል። ባሌ በዚያ ማሽን መኖር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ከመስኮቱ ሥር ያለው አራተኛው ወንበር የሱ ነው። ውሃው ከሱ ተነጥቆ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ ይኸው ሰማችሁት፤ ለኔ! ለኔ ማሽን፣ ለኔ አንሶላ! እዚያው መጮህ ነበረብኝ። የምጮህበት ቃል ግን አጣሁ። እኔ ቃል አጣሁ ስላችሁ እመኑኝ፣ ሆኖ አያውቅም።

ሁለት ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ማሽኖቹ ተበላሽተው ለአንድ ወር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የታጠበው። የባሌ ኩላሊት ውሃ አያወጣም፤ የጠጣው ሁሉ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። እግሩ አብጦ ጣት ሲጫኑት ሲሰረጉድ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያድር አይቻለሁ። ውሃ በጠፋበት ከተማ ሰው በገዛ ሰውነቱ ውሃ ሲሰምጥ አይቻለሁ። በዚያ ወር ከአሥሩ ወንበሮች የሦስቱ ባለቤቶች አልተመለሱም።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ ለሱ አልነገርኩትም። ባሌ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በቀን የሚፈቀድለት ሦስት ትንንሽ ብርጭቆ ውሃ ነው፤ የምቆጥርለት እኔ ነኝ። ብርጭቆውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጉንጩን ሳይቀር ነው የምቆጥረው። አንዱ ብርጭቆ ስድስት ጉንጭ ይወጣዋል። እሱ ሲጠጣ እኔ ጉሮሮውን እያየሁ "አንድ፣ ሁለት" እላለሁ፤ እሱ ይስቅብኛል። "በዚህ ከተማ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውሃ የምንል ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና ከንቲባው" ይላል። ያን ዕለት ቆጠራው ጠፋብኝ።

"ገና አምስት ነው፤ አንቺ ስምንት አልሽ" አለኝ። "ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

"ቅዳሜ ተዘጋ፣ አይደል?"

"ማን ነገረህ?"

"ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ እኮ። ወሬ ከኔ ቀድሞ ፌርማታ ደርሶ አያውቅም።" ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ አንድ ጉንጭ ቀርቶት ነበር። "አንሶላም ያስፈልጋል የኔ እመቤት። የሚወልዱ አሉ፣ ሆዳቸው የሚከፈት አሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አርፋለሁ፣ ምን ቸገረኝ።"

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንደዚያ ሲለኝ አንጀቴን በላው፤ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት የማነሳ የማስቀምጥ መስዬ አለቀስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ያለሱ መኖር አልፈልግም። ይኸው ነው፣ ሌላ ማሳመሪያ የለውም።

እንግዲህ በማግስቱ ጠዋት ነው ያ ነጭ ጋውን በፊቴ ያለፈው።

ባለ ጋውኑ የኩላሊት እጥበቱን የውሃ ማጣሪያ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ነው። ግቢው ሁሉ "ማጣሪያው" ነው የሚለው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲሄድ እንኳ ግድግዳ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው። ለኩላሊት እጥበቱ የሚገባውን ውሃ የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። "የባሌን ቅዳሜ ለጋውኑ እያዋለው ነው!" ብዬ ጨርቄን ማቄን ሳልል ተከተልኩት።

ማጣሪያ ቤቱ ከኩላሊት እጥበቱ ሕንፃ ጋር የተያያዘ ጠባብ ክፍል ነው። በሩን ሳላንኳኳ በረገድኩት። ረጃጅም ሰማያዊ በርሜሎች ተደርድረዋል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ሰው የለም። የጓሮው በር ግን ክፍት ነበር። ወጣ ብዬ ሳይ ማጣሪያው እጅጌውን ሰብስቦ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሏል፤ ባልዲው ውስጥ ሌላ ጋውን ተዘፍዝፏል። እጅ ከፍንጅ! "ሌባ" ልል አፌን ስከፍት ውሃው ከየት እንደሚወርድ አየሁ። ከቀዩ ቧንቧ ነበር።

ወደኋላ ዘለልኩ። "አንተ! ምን ነክቶሃል? በበሽተኛ እጣቢ ልብስ ታጥባለህ?" ሌባ ቢሆን በስንት ጣዕሙ!

ስለ ቀዩ ቧንቧ ልንገራችሁ፤ የኔው ጉድ ስለሆነ ራሴ ባወራው ይሻላል። የዛሬ ስምንት ዓመት የኩላሊት እጥበቱ ሲከፈት፣ ከሕንፃው ጀርባ ሁለት ቧንቧዎች ወጥተው ቀኑን ሙሉ ውሃ ያፈሱ ጀመር። ሕንፃው ዳገቱ ላይ ነው፤ የኔ ልብስ ማስጫ ከበታቹ ነው። እኔ ደግሞ አጣቢ ነኝ፤ ነገር ታጥቦ የሚወጣው ውሃ ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከአንሶላ የሚወጣው እንደዚያ ከጠቆረ፣ ከሰው ደም የሚወጣውማ! "የበሽተኛ እጣቢ በአንሶላዬ ሥር አይፈስም!" ብዬ ግቢውን ቀውጢ አደረግሁት። ሁለቱም ቧንቧዎች ቀይ ተቀቡ፣ "አትንኩ" ተብሎ ተጻፈባቸው፣ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው በጓሮ በኩል ወደ ፍሳሽ ተመራ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነበር ቤቴ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ የጽዳት ሠራተኞቹ እንኳ በዚያ ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።

ማጣሪያው ቀና አለ። "እትዬ፣ ይሄ እጣቢ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄ ውሃ ሰው ዘንድ አልደረሰም።"

"እንዴት አባቱ ነው ያልደረሰው?"

እጁን ጠርጎ ወደ ውስጥ ይዞኝ ገባ፤ በርሜሎቹን አንድ በአንድ እየነካ ያሳየኝ ጀመር። "ቦቴው ያመጣው ውሃ በዚህ ይገባል። ይሄ አሸዋ ነው፣ ጭቃውን ይይዛል። ይሄ ከሰል ነው፣ ክሎሪኑን ይይዛል። ይሄኛው ውሃውን ያለሰልሳል። መጨረሻ ላይ በዚህ በረቂቁ ወንፊት በኃይል ይገፋል። ወንፊቱን ያለፈው ጥርት ያለው ወደ ወንበሮቹ ይሄዳል። ማለፍ ያቃተው ትንሽ ጨው በዝቶበት፣ ሰው ሳይነካው፣ በቧንቧው ወደ ውጭ ይወጣል። የሕመምተኞቹ እጣቢ በዚያኛው ነው የሚወጣው፣ በሁለተኛው። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሆኑና ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ ሰው አንድ ይመስሉታል።"

"ምን ያህል ነው ይሄ የሚወጣው?"

"አሮጌ ማጣሪያ ነው። አሥር ጀሪካን ሲገባ አራቱ ወደ ወንበሮቹ ይሄዳል። ስድስቱ ይኸው ቦይ ይገባል።"

ስድስቱ! ስምንት ዓመት ሙሉ! እኔ እዚህ ታች ባዶ ማሽን ታቅፌ ስቀመጥ፣ ውሃው በኔው ትእዛዝ በተቆፈረ ቦይ በጓሮዬ በኩል ይሄድ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም? አፍ የለህም?"

"ለቀድሞው አስተዳዳሪ ተናግሬ ነበር። 'ሕመምተኛ በኩላሊት ውሃ በታጠበ አንሶላ ተኛ ከተባለ ጉድ ይፈላል፣ ዝም በል' አሉኝ።" ትንሽ አመነታ። "ለእርስዎም ልነግር አንድ ቀን መጥቼ ነበር።"

"ለኔ? መቼ?"

"ገና አፌን ሳልከፍት 'ከኩላሊት ቤት የመጣ እጅ አንሶላዬን እንዳይነካ' ብለው በእርጥብ ፎጣ አባረሩኝ።"

አስታወስኩ። ፎጣውን ሳይቀር አስታወስኩ፤ አረንጓዴ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይሄ ምላሴ ስንት ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬበት አላውቅም።

ኪሴ ውስጥ ቁራሽ ሳሙና አይጠፋም። ተመልሼ ወጣሁና እጄን ከቧንቧው ሥር ዘረጋሁ። ስምንት ዓመት የጠላሁት ውሃ ነው። ሳሙናውን ሁለቴ አሸት ሳደርገው አረፋው ግጥም ብሎ እስከ ክንዴ ወጣ። የቦቴው ውሃ ሳሙና ይበላል፤ ግማሽ ሳሙና ጨርሳችሁ አንድ ጭብጥ አረፋ አይሰጣችሁም። ይሄ ግን እጄን እንደ ቅቤ አለሰለሰው።

"ሦስተኛው በርሜል ያለሰልሰዋል ብዬዎት የለ?" አለ ማጣሪያው። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ አረፋውን እያየሁ እንባዬ መጣ። አረፋ ያስለቀሳት አጣቢ ብትኖር እኔ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት ማጣሪያውን እጁን ይዤ፣ እየጎተትኩ ማለት ይቀላል፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ሲስተርም ተጠራች። ማጣሪያው በዚያ በማይሰማ ድምፁ አስረዳ፤ ባልሰሙት ቁጥር እኔ ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው። ዳይሬክተሩ መነጽሩን መጥረግ አቆመ። ሲስተር ግን እጇን አጣምራ ቆመች።

"ቧንቧው ስምንት ዓመት ማንም ያልነካው ቧንቧ ነው" አለች። "ውስጡ ምን እንደተራባ ማን ያውቃል? ቁስል ላይ የማደርገውን ጨርቅ በአረፋ አይቼ አልፈርድም።"

ነደደኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ የኔ ባል እኮ..." ብዬ ጀመርኩና ምላሴን ነከስኩ። ምክንያቱም ልክ ነበረች። የማላውቀውን ውሃ ለአንሶላዬ አልቀበልም ብዬ ስምንት ዓመት የተጣላሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?

"ይመርመር!" አለ አንድ ድምፅ። ዞር ብንል ማጣሪያው ነው። ራሱም የደነገጠ መሰለ። "ቧንቧውን ዛሬ በበረኪና አጥበዋለሁ። ነገ ማሽኖቹ ሲሠሩ ላቦራቶሪው ራሱ ይምጣና ይቅዳ።"

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ላቦራቶሪው ሐሙስ ውሃውን ይቀዳል፤ በሳህን ላይ ጀርም ይበቅል አይበቅል እንደሆነ ለማየት ሁለት ቀን ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ውጤቱ ይወጣል። ንጹሕ ከሆነ ልብስ ማጠቢያው ከቀዩ ቧንቧ ይወስዳል፣ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ትንሽ የቦቴ ውሃ ይጨመርለታል፣ የቀረው ለኩላሊት እጥበቱ ስለሚበቃ ቅዳሜ ይከፈታል። የሆነ ነገር ከበቀለ ቅዳሜ ተዘግቶ ይቀራል። "ሕመምተኞቹ ለማንኛውም ይምጡና ይጠብቁ" አለ ዳይሬክተሩ።

ዓርብ ዕለት የውሃ ጎማ ስንዘረጋ ዋልን። በግቢው ውስጥ ያለ የአትክልት ጎማ፣ የእሳት አደጋ ጎማ፣ ማን እንደጣለው የማይታወቅ ጎማ ሁሉ ተቀጣጠለ። ልብስ ማጠቢያው ከበታች ስለሆነ ሞተር አያስፈልገውም፤ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ማጣሪያው ከላይ፣ እኔና አብረውኝ የሚያጥቡት አራቱ ሴቶች ከታች እንጎትታለን። ባሌ ሐሙስ ታጥቦ ስለነበር ደህና ነበር፤ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ አውቶቡስ ወደኋላ እንደሚያስኬድ ሰው እጁን እያወዛወዘ "ወደ ግራ! ቀስ! በቃ በቃ በቃ!" ይለናል።

"አንተ ሰውዬ፣ ቲኬትም ቁረጥልና!" አልኩት። ሴቶቹ እስኪበቃቸው ሳቁ። እሱም ሳቀ። እኔ ግን እግሩን ነበር የማየው። ያን ዕለት ካልሲው ለቀቅ ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንትስ?

ቅዳሜ አብረን ወጣን። እሱ ብርድ ልብሱን በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ ዳገቱ ወጣ፤ እኔ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድኩ። ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሜ ብጠብቅ ከሰው ጋር እንደምጣላ አውቃለሁ። ማጣሪያውም እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ "እትዬ፣ ማንም መጥቶ ሊነግርዎት አያስፈልግም። ውጤቱ ካላማረ ወንበሮቹ አይሠሩም፤ ወንበሮቹ ካልሠሩ የውሃ ማጣሪያው ሞተር አይሠራም፤ ጎማውም ባዶ ይሆናል። ውሃ ከመጣ ግን ባለቤትዎ ማሽኑ ላይ ናቸው።"

ማሽኖቹን ከፍተን፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉን አንሶላ ከምረን፣ የጎማውን ጫፍ በርሜል ውስጥ አስገብተን ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ሆነ። ጎማው ዝም። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ዝም። ከሴቶቹ አንዷ "ምናልባት ሰዓቱ ቀድሞ ይሆን?" አለች። "ዝም በይ" አልኳት፤ ወዲያው "ይቅርታ ልጄ" አልኳት። ሁለት ተኩል ሲሆን ጎማውን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ምንም የለም። የጎማ ሽታ ብቻ። አራተኛው ወንበር ባዶውን ታየኝ። ባሌ ብርድ ልብሱን ታቅፎ፣ "ምን ቸገረኝ" እያለ ዳገቱን ሲወርድ ታየኝ። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተነስቼ አንሶላዎቹን ማጣጠፍ ጀመርኩ፤ የቆሸሸ አንሶላ! እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነው።

ያኔ ጎማው ሳለ።

ሁላችንም ዞርን። አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ አየር ተፋ፣ ተንፈራገጠ፣ ከበርሜሉ ሊወጣ ሲል ዘልዬ ያዝኩት። መጀመሪያ ትንሽ ዝገት መጣ። ቀጥሎ ውሃ። ጥርት ያለ፣ ወፈር ያለ፣ የማያባራ ውሃ። እጄን ከሥሩ አደረግሁ። "ማሽኑ ላይ ወጣ!" አልኩ። "ሰውዬዬ ማሽኑ ላይ ወጣ!" ሴቶቹ እጄን፣ ውሃውን፣ እርስ በርሳቸው ይይዙ ጀመር። ልብሴ ሁሉ ራሰ። ሳሙናውን ያደረግሁበት ጠፋኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሲስተር እያለከለከች ደረሰች፣ ወረቀት ይዛ። "ምንም አልበቀለበትም" አለች። "ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ሳህኖች ሁለት ሁለት ጊዜ አስመረመርኩ። እንዳትቀየሚኝ።"

"ብቀየምሽስ ደንታ አለሽ?"

"የለኝም" አለች። ከዚያ የራሷን ጋውን አውልቃ ከአንሶላው ክምር አናት ላይ አስቀመጠችው። "ይሄንን አብረሽ እጠቢልኝ። አንገትጌውን አይተሽ እንዳትስቂብኝ።" አየሁት። አሥር ቀን። ሳቄን ዋጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር አልፏል። አሥራ አንዱም ሰዎች ቀጠሯቸው ደርሶ ታክመው ሄደዋል። የቧንቧውን ቀይ ቀለም በገዛ እጄ ፋቅሁና ነጭ ቀባሁት፤ ሁለተኛውን ቀይ እንደሆነ ተውኩት። ከልብስ የሚተርፈው አሁን የመጸዳጃ ቤቶቹን ያጥባል። ከሌላ ከተማ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ሰዎች መጥተው አይተው ሄዱ፤ ማጣሪያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስረዳቸዋል፣ እኔ ደግሞ ሳይሄዱ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ "እናንተ ግቢ ማንም የማይነካው ቧንቧ የትኛው ነው?" ግድቡ አልሞላም፣ ሬዲዮውም ያንኑ ይላል። እንደኛ ጓሮ በየሀገሩ ስንት ጓሮ እንዳለ ግን ማን ቆጠረው?

ያን ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ሲሆን ባሌ ዳገቱን ወረደ። ክንዱ ላይ ፋሻ ታስሯል፣ ፊቱ ቀለል ብሎታል፣ እግሩ ጫማው ውስጥ በደንብ ገብቷል። በማስጫው መሀል፣ በነጫጭ አንሶላዎቹ መካከል እየተሽሎኮለከ መጣና በሩን ተደግፎ ቆመ።

"ውሃዬ ደረሰሽ?" አለኝ።

"ደረሰኝ።"

ከመጠጥ ውሃው ጀሪካን ብርጭቆውን ሞልቼ ሰጠሁት። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቀስ እያለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣውና ብርጭቆውን መለሰልኝ።

"ስንት ጉንጭ ሆነ?" አለኝ።

አልቆጠርኩም ነበር።